ውኃ ላይ «ይቅደሙ» ስንባባል

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ እንደኔ ያለች አሮጊት በሸራ ጀልባ ላይ ምን ልትሠራ ወጣች ብላችሁ ትደነቃላችሁ። አስካለ እባላለሁ። የበኩር ልጄ ቶርንተን ነው፣ ሁለተኛዋ ሰናይት እንግልውድ ናት፣ ትንሹ ደግሞ እዚሁ ኦሮራ፤ ሦስቱም ተቀራራቢ ከተሞች ናቸው። እኔ አንዷን ሻንጣዬን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ። አንድ ቤት ስሰነብት እግሬን ይበላኛል፤ እደውልና ማን ይወስደኛል እላለሁ። ልጆቼ «እማዬ ዘዋሪዋ» ይሉኛል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብና መጻፍ የለመድኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናት ጋር ቁጭ ብዬ ፊደል ስቆጥር ነው፤ አጻጻፌ ከጎረበጣችሁ ታገሡኝ።

ውኃ እፈራለሁ። ያደግኩበት አገር ውኃ ማለት ከሩቅ ተቀድቶ በጀርባ የሚመጣ ነገር ነበር፤ የሚጠጣ እንጂ የሚገባበት አልነበረም። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነክቶኝ አያውቅም። የልጆቼ ቤት ገንዳ ውስጥ እንኳ አልቀመጥም፤ ቆሜ በጣሳ እያፈሰስኩ ነው የምታጠበው። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የሰናይት ልጅ ሩት ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኦሮራ አጠገብ ባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የኛን ልጆች የሸራ ጀልባ መንዳት ያስተምራሉ። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። እዚህ ሲመጡ ባሕር የለም፤ ከአየር ማረፊያ ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ አንዲት አሮጌ ጀልባ ገዝተው፣ ጠግነው፣ ቀለም ቀብተው ውኃ ላይ አወጧት። መጀመሪያ ብዙ ልጅ ተመዝግቦ ነበር። አንዱ ራሱን አዞረው፣ ሌላው ሌላ ስፖርት ተደረበበት፣ በመጨረሻ የቀረችው ሩት ብቻ ናት።

ይቺ ልጅ እንግዲህ ይኼ አልበቃ አላት። ካሊፎርኒያ ላይ ትልቁ ባሕር ውስጥ የሚደረግ ውድድር አለ አሉ። ከአንድ ወደብ ተነስተው፣ የብሱ ከዓይን እስኪጠፋ ወጥተው፣ ቀንም ሌሊትም እየሄዱ ሌላ ወደብ ይደርሳሉ። ወጣት ሴቶች የሚነዱት አንድ ጀልባ ሩትን ከኛ ጋር ነይ ብሏታል። ዕድሜዋ ስላልሞላ እናቷ ትሂድ ማለት አለባት። ሰናይት ደግሞ ሆስፒታል ሕሙማን ስትረዳ የምትውል ናት፤ ክፉ ነገር ሁሉ በሰው ላይ እንዴት እንደሚደርስ ስታይ ትውላለች። ስለዚህ እምቢ አለች። እናትና ልጅ አንድ ወር ሙሉ ተኮራረፉ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሰናይት ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «እማዬ ሄዳ ትየው። እሷ ትሂድ ካለች ትሄዳለሽ» አለቻት። ሩት ተነስታ አቀፈችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ኋላ ሰናይት ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ስታገኘኝ ጠጋ ብላ፣ ሄደሽ አይተሽ እምቢ በያት፣ አንቺን አትቀየምም፣ እኔ መጣላቱ ደከመኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። እንግዲህ የተላክሁት እምቢ ለማለት ነው።

ቀኑ በግንቦት መጨረሻ ነው። ተራሮቹ ገና ነጭ ናቸው። የዚያ ዕለት ውድድር ትንሽ ነገር ነበር፤ ሐይቁ ላይ የተጣሉ ሦስት ትልልቅ ብርቱካናማ ኳሶች አሉ፤ እነሱን ዞሮ መመለስ ነው። እኔ ዳር ላይ ወንበሬን ዘርግቼ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ አይቼ፣ እምቢ ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ሩት ግን ከዳር ሆነሽ ምን ታያለሽ አለችኝ። ነፋሱ ቀላል ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ጎድሎናል፣ ጓደኛዬ ፈተና አለባት አለች። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል። ጀልባዋ ላይ እኔ የምቀመጥበትን ቦታ ጠርገው፣ ንጹሕ ፎጣ አንጥፈው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

«ይግቡ እትዬ አስካለ። ዛሬ ጀልባችን ተከበረች» አሉኝ።

ሰው እንዲህ አክብሮ ሲጠብቅ እንዴት እምቢ ይባላል? ገባሁ።

ከገባሁ በኋላ የሕይወት አድን ጃኬት አመጡልኝ። ቀይ፣ ወፍራም፣ ለኔ የሰፋ። ሩት ከፊት ያሉትን ሁለቱን መቆለፊያዎች ቆለፈችልኝ። ከኋላ ደግሞ አንድ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል። ለካስ እሱ በእግር መሐል አልፎ ከፊት የሚቆለፍ ነው። ጎንበስ ብላ ቀሚሴን ሰብሰብ ልታደርግ ስትል እጇን ያዝኳት። ሰው ይመላለሳል፣ ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ቆመዋል፤ እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት በጭኖቼ መሐል ገመድ ሳሳልፍ ልታይ? ይኼ ይቅርብኝ አልኳት።

ሩት ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች። ጋሽ ደምሴ ወደ ተራራው ዞሩ።

«ጋሼ፣ ሩል ነው እኮ፣ ሕግ ነው» አለች።

«እትዬ ካልተመቻቸው ይቅር። ዛሬ ነፋሱም ቀላል ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

እኚህ ሰው ሌላውን ልጅ ሁሉ ያለዚያ ማሰሪያ ጀልባ እንደማያስገቡ ኋላ ነው የሰማሁት። ለኔ ግን አፈሩልኝ። እኔም አፈርኩ። ማሰሪያዋን ከኋላዬ ጠቅልዬ ተቀመጥኩባት።

ተነሳን። ሞተር የለም፣ ድምፅ የለም፤ ሸራው ነፋስ ሲሞላ ብቻ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ዘመም ትልና ትሄዳለች። መጀመሪያ ስትዘም ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ጠርዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፤ ከየት እንዳቋረጥኩት እየጠፋብኝ ሦስቴ ከመጀመሪያው ደገምኩት። ሩት መሪውን ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች። ጋሽ ደምሴ ገመዱን ይስባሉ፣ ይለቃሉ። አቅጣጫ ስንለውጥ ሸራውን ከታች የሚይዘው አግዳሚ በራሳችን ላይ ያልፋል፤ እሷ «ዞርኩ» ስትል እኔ ጎንበስ ማለት ነው ሥራዬ። አንድ ጊዜ ዘግይቼ ሻሼን ጠርጎ ወሰደው። ጋሽ ደምሴ ከውኃው ላይ ያዙና ጨምቀው ሰጡኝ፣ ባሕር ኃይል ቢሆኑ ኖሮ በዚህ ብቻ ሦስት ቀን ይታሰሩ ነበር አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቴ መሐል ልጅቷን አየኋት። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልክ የምትነካካዋ፣ ሦስቴ ተጠርታ የማትሰማዋ ልጅ አይደለችም። ዓይኗ ከሸራው ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ሌሎቹ ጀልባዎች ይሄዳል። የምትናገረው ጥቂት ነው። ጋሽ ደምሴ እሷ ስታዝ «እሺ ካፒቴን» ይላሉ፣ ሳይቀልዱ። ሁለተኛውን ኳስ ስንዞር ከፊታችን አንድ ጀልባ ብቻ ነበር የቀረን። ይህን ሁሉ አየሁ፤ ግን እምቢታዬን አልቀየረውም። ይኼ ኩሬ ነው፣ ያ ባሕር ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ።

እንዲያው ዝም አለ። ሸራው ተልፈሰፈሰ። ውኃው እንደ መስታወት ሆነ። እኔ ተመስገን ብዬ ጠርዙን ለቀቅሁ። ቀና ስል ግን ሩትና ጋሽ ደምሴ ሁለቱም ወደ ምዕራብ ያያሉ። ከተራሮቹ በላይ ጥቁር ደመና ተነስቷል፤ ከሥሩ ውኃው ላይ የጠቆረ መስመር እየተሳበ ወደኛ ይመጣል። ሩቅ ያሉት ጀልባዎች ሸራቸውን ሲያወርዱ አየሁ። ከዳር መለከት ጮኸ።

ሩት «ጋሼ፣ እናውርደው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ጋሽ ደምሴ ምሰሶው ሥር ደርሰው ገመዱን ለቀቁት። ሸራው እኩሌታው ወረደና ተያዘ። ሳቡት፣ አልወርድም አለ። ሩት መሪውን በጉልበቷ ይዛ ልታግዛቸው ተነሳች። ጉንጬን ቀዝቃዛ አየር ነካኝ። ከቀዝቃዛ ክፍል በር ላይ እንደሚመጣው ዓይነት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። አንድ ነገር ከጎን መታን። ጀልባዋ ዘመመች፤ በቃ ትመለሳለች ስል አልተመለሰችም። ሰማዩ ከእግሬ በታች ሆነ። ውኃ ውስጥ ገባሁ።

ምን ልበላችሁ። ቅዝቃዜው ደረቴን እንደ ሰው ጨመቀው። ጨለማ ነው፣ ቡና ዓይነት ጨለማ። ቀሚሴ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ጃኬቱ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ እኔ ግን አብሬው አልወጣሁም፤ ከታች የሚይዘው ስለሌለ ጃኬቱ ብቻውን ወጥቶ አገጬን አለፈ፣ ጆሮዬን ሸፈነ፣ ክንዶቼን ወደ ላይ ሰቀላቸው። እኔ ከሥሩ ቀረሁ። ላነሳው ብል እጄ ተይዟል። አፌን ከፈትኩ፣ ውኃ ገባ። ወደ አምላኬ እንኳ መናገር አልቻልኩም። ልጆቼን አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አየር።

አንድ እጅ ከወገቤ ያዘኝ። ጃኬቱን ከፊቴ ወደ ታች ጎተተው። ወጣሁ።

ሩት ነበረች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። «ያዝኩሽ እማማ፣ ያዝኩሽ» ትለኛለች። ጀልባዋ ሆዷን ወደ ሰማይ ሰጥታ ተገልብጣለች። ከሆዷ ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ የወጣ ሳንቃ አለ። ሩት በአንድ እጇ እሱን ያዘች፣ በሌላው እኔን። እኔን ወደ ጀልባዋ ሆድ ገፋ አድርጋ አስጠጋችኝ፤ ያንሸራትታል፣ የሚጨበጥ የለውም። ጋሽ ደምሴ ከወዲያ በኩል ብቅ አሉ። ኮፍያቸው የለም፤ ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

በረዶው መጣ። የዚህን አገር በረዶ ታውቁታላችሁ፣ መኪና የሚያጎደጉደውን። ሐይቁ ሁሉ ፈላ። ራሴን ሲመታኝ ሩት በደረቷ ጎንበስ ብላ ሸፈነችኝ፤ በጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ዳሩ ጠፋ። ተራራው ጠፋ። በዓለም ላይ የቀረነው እኛ ሦስታችንና ያቺ የተገለበጠች ጀልባ ብቻ ነን።

ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። የሞተር ድምፅ ሰማን። ከውድድሩ ሰዎች አንዱ፣ ቀይ ጢም ያለው ሰውዬ፣ በትንሽ የሞተር ጀልባ ከበረዶው ውስጥ ወጣ። ሊጠጋን ግን አልቻለም። ሩት እንደነገረችኝ፣ ገመዶቻችን ውኃው ውስጥ ተበታትነዋል፣ ሞተሩ ከጠቀለላቸው እሱም አለቀለት፤ ማዕበሉም እኛ ላይ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በገመድ የታሰረ ተንሳፋፊ ቀለበት ይወረውራል፣ አንድ ሰው ይይዛል፣ እሱ ይስባል። አንድ በአንድ።

ቀለበቱ መጣ። በእኔና በጋሽ ደምሴ መሐል አረፈ።

እዚህ ላይ ያደረግነውን ስጽፍ እስካሁን አፍራለሁ።

ጋሽ ደምሴ ቀለበቱን ወደኔ ገፋ አደረጉትና፣ «እርስዎ ይቅደሙ እትዬ» አሉ።

«ኧረ ልጅቷ ትቅደም» አልኳቸው።

«እማማ፣ አንቺ ያዢው» አለች ሩት።

እኔ ቀለበቱን ወደ ጋሽ ደምሴ መለስኩት። ልባቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ። እርስዎ ሕመምተኛ ነዎት አልኳቸው። እሳቸው በሞት አፋፍ ሆነው፣ ሴት ትታ የምትወጣ ነፍስ የለኝም ብለው መልሰው ገፉት። ሩት ትጮኻለች። እኔ ልጅ ሳትወጣ አልወጣም እላለሁ። ቀለበቱ እንደ ምግብ ቤት ሒሳብ ከወዲህ ወዲያ ይገፋል። ሰውዬው ከጀልባው ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚጮኸውን እኔ እንኳ ገባኝ፤ ማንም ይሁን፣ ብቻ አንድ ሰው ይያዘው ነው የሚለው።

ነፋስ መጣ። የሞተር ጀልባዋን አፍንጫዋን ይዞ አዞራት። ገመዱ ተወጠረ፣ ቀለበቱ ከእጃችን ተመነጨቀ። የሞተር ጀልባዋ በረዶው ውስጥ ጠፋች። የሞተሩም ድምፅ ጠፋ።

ጋሽ ደምሴ ግንባራቸውን ጀልባዋ ላይ አስደገፉ።

ያን ጊዜ ነው የሩትን መንቀጥቀጥ የሰማሁት። ከኋላዬ ናት፣ አላያትም፤ ጥርሷ ሲፋጭ ግን ጆሮዬ ሥር ነው። ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሞቋት መስሎኝ ነበር። «ሩትዬ» አልኳት። ዘግይታ «እ» አለች። የያዘችኝ ክንድ ቀስ እያለ ላላ፣ ጃኬቱ እንደገና ወደ አገጬ መውጣት ጀመረ። ነቃ ብላ ደግማ ጨበጠችው፣ ወረደ። ደግሞ ላላ።

ያኔ ገባኝ። እኔን ውኃው ላይ ያቆመኝ ጃኬቱ አይደለም። ያ ከእግሬ መሐል መቆለፍ የነበረበት ማሰሪያ ሥራውን ስላልሠራ፣ የሱን ሥራ የምትሠራው የልጅቷ ክንድ ናት። ልጅቷ ትቅደም ስል የነበረው ባዶ ነገር ነው። እሷ ብትለቀኝ እኔ እሰጥማለሁ፤ እኔ ካልሄድኩ እሷ አትለቀኝም። እኔ በቆየሁ ቁጥር የምገድለው እሷን ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነገርኩሽ እኮ» አለች። ቃላቱ እንደ ሰካራም ይጎተታሉ። «አልሰማሽኝም።»

ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበች። እንዲህ ስትናገር በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም፤ አልጮኸችም፣ አልለመነችም።

«ስሙኝ ሁለታችሁም። ካፒቴን እኔ ነኝ። መጀመሪያ እማማ። ቀጥሎ ጋሼ። መጨረሻ እኔ። ማንም ይቅደሙ አይበል።»

ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ። «እሺ ካፒቴን» አሉ።

ሁለቱም እኔን አዩኝ። እኔ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከሰው ፊት ቀድሜ ማዕድ ላይ እጄን አልሰደድኩም፣ ወንበር ሳይለመን አልተቀመጥኩም። ጎበዝ ነሽ፣ ጨዋ ነሽ ተብዬ ያደግኩት በዚህ ነው። «እሺ» አልኩ። ያቺን ቃል ለማውጣት ውኃው ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከበደኝ።

ጠበቅን። የጠበቅነው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው። ይመለስ አይመለስ አናውቅም። ሩት እንዳትተኛ ብዬ የባጥ የቆጡን አወራኋት፣ የእናቷን የልጅነት ነገር፣ ቶርንተን ስላለችው ድመት። አንዳንዱን ትመልሳለች፣ አንዳንዱን አትመልስም። ሳትመልስ ስትቀር ጃኬቱን የያዘውን እጇን በጥፍሬ እቆነጥጠዋለሁ። ሁለት ጊዜ እያመማት ነቃች። ሦስተኛው ላይ አላመማትም።

ሞተሩ ተሰማ።

ቀለበቱ ሲመጣ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ አንገቴን አስገባሁ፣ ክንዴን አስገባሁ። ወደ ኋላዬ አላየሁም። ሩት ጃኬቱን ስትለቀው ተሰማኝ። ውኃው ፊቴ ላይ አለፈ፣ ጨለመ፣ ደግሞ ብርሃን ሆነ፤ ከዚያ ቀይ ጢሙ ሰውዬ በልብሴ ጎትቶ እንደ ጆንያ ጀልባው ውስጥ ጣለኝ። ወዲያው ተነስቼ ጠርዙን ያዝኩ።

ጋሽ ደምሴ ወጡ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ጀልባው ወለል ላይ ተዘረሩ።

ሩት ለብቻዋ ቀረች። ቀለበቱ ተወረወረላት። አጠገቧ አረፈ፣ አልያዘችውም። ታየዋለች፣ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ሰውዬው ሳበና ደግሞ ወረወረ። ማዕበል መጣ፣ የጀልባዋ ሆድ ተሸፈነ። ማዕበሉ ሲያልፍ ሳንቃው አለ፣ ሩት የለችም።

ጠርዙ ላይ ተንጠልጥዬ ውኃውን በዓይኔ አሰስኩ።

ከወዲህ በኩል፣ ወደኛ ቀረብ ብሎ ብርቱካናማ ነገር ብቅ አለ። ጃኬቷ ነው። የሷ ማሰሪያ በእግሯ መሐል ጠብቆ ታስሯል፤ ራሷን ስታ እንኳ ፊቷን ወደ ሰማይ ይዞ አንሳፈፋት። ሰውዬው በመንጠቆ ማሰሪያዋን ያዘው። እኔና እሱ ጎተትናት። ጭኔ ላይ አስተኛኋት፣ እርጥብ ለእርጥብ ተቃቅፈን፣ አፍንጫዋ ላይ ጉንጬን አድርጌ ትንፋሿን ፈለግሁ። ነበረ። ቀጭን ነበር፣ ግን ነበረ።

ዳር ስንደርስ ፀሐይ ወጥቷል፤ ይኼ አገር እንዲህ ነው። ሣሩ በበረዶ ነጭ ሆኖ ይቀልጣል። የአምቡላንስ ሰዎች ሩትን በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፣ አሞቋት፣ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ጥሩ ምልክት ነው አሉን። ጋሽ ደምሴ አጠገባችን ተቀምጠው ልባቸው ይለካል። ወደኔ ሳያዩ፣ ያን ማሰሪያ ማስቆለፍ ነበረብኝ እትዬ አሉኝ። እኔም መቆለፍ ነበረብኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም።

ሰናይት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ልጇን ከራሷ እስከ እግሯ ዳበሰች፣ አለቀሰች፣ ስታበቃ ወደኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣም እፎይታም ነበር፤ ከእንግዲህ ጭቅጭቅ የለም የሚል እፎይታ።

«በይ ንገሪያት እማዬ» አለችኝ።

ሩት አየችኝ። እምቢ እንደምል አውቃለች፣ ዓይኗን ወደ ውኃው መለሰች። እኔም እምቢ ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ የተላክሁትም ለዚሁ ነው። ግን ያቺ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ወጥታ አየኋት። ጣቶቿ ገና አልተዘረጉም፤ ጃኬቴን እንደጨበጠች ደርቃለች። በጥፍሬ የቆነጠጥኩት ቦታ ደም ቋጥሯል።

«ትሂድ» አልኩ።

ሰናይት ያበድኩ መሰላት። ብርዱ ነው አለች። ብርዱ አይደለም አልኳት። ዛሬ ሊገድለን የነበረው ውኃው ብቻ አይደለም፣ እኔና ጋሽ ደምሴ ነን። በመሐላችን ማዘዝም፣ የያዘውን አለመልቀቅም የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ውኃ ላይ መውጣት የሌለብን እኛ ነን እንጂ እሷ አይደለችም። ሰናይት ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ሻንጣዬን ይዤ ቶርንተን ሄድኩ። ኋላ ግን ለልጇ የሰጠችውን ቃል አላጠፈችም፤ ፈቀደችላት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ድፍረት አገኘሁ እንዳልላችሁ። ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ፈሪ ሆኛለሁ። ዝናብ ጣራውን ሲመታ ያን ጃኬት አፌ ላይ አገኘዋለሁ። ገንዳ ውስጥ አሁንም አልቀመጥም። የተለወጠው ሌላ ነው። ሐኪም የት ያምሻል ሲለኝ ደኅና ነኝ ማለት ትቻለሁ፣ የሚያመኝን እናገራለሁ። ልጄ መኪና ውስጥ ቀበቶ እሰሪ ሲለኝ ቅርብ ነው አልልም። ማኅበር ላይ እማማ ይቅደሙ ሲሉኝ ሳህኔን አንስቼ እቀድማለሁ፤ መጀመሪያ ጊዜ ሰዉ ተያየ፣ አሁን ለምደውታል። እናንተም ብትሆኑ፣ የሚወዳችሁ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲላችሁ፣ ከማን ፊት እንደሆናችሁ ከማየታችሁ በፊት ማን እንደያዛችሁ እዩ።

ሩት በምትሄድበት ዋዜማ እንግልውድ ተሰበሰብን። ሰናይት እየተነፋረቀች ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። ጋሽ ደምሴ ለባሕሩ የሚሆን አዲስ ጃኬት ገዝተውላት መጥተዋል። ልበሺውና እንየው አሏት። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ነው፤ ጎረቤት አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አሉ፣ ወንድሞቿ አሉ። ለበሰችው፣ የፊቱን ቆለፈች። የኋላው ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰው ፊት ስለሆነ ይሁን፣ ረስታው ይሁን፣ አላውቅም።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ፣ ጉልበቴ ቋ አለ። ማሰሪያውን ከኋላዋ ያዝኩና በእግሮቿ መሐል አሳለፍኩት። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሩት «እማማ፣ ፕሊስ» አለች። ጋሽ ደምሴ ግን በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አላዞሩም። መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ገፋሁት፣ ከዚያ ጫፉን ይዤ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ሳብኩት።